መነሻው ከሉቱ፣ ቅኝቱ ከክራሩ

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቀይ መብራት ነው። ሐዋሳ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ትንሽ አዳራሽ። ማታ 12 ሰዓት ላይ የክራርና የሉት፣ የድሮው አውሮፓ ባለ አንገት የክር መሣሪያ፣ ዝግጅት አለ፤ ሰዓቱ ገና 9 ነው። የድምፅ ባለሙያው ልጅ የልብስ መቆንጠጫ የምታክል ቲዩነር፣ ክር በድምፁ ልክ መሆኑን በመብራት የምታሳይ መለኪያ፣ የክራሩ ቀንበር ላይ አስነክሶ ክሮቹን አንድ በአንድ ያስመታል። አንደኛዋ አረንጓዴ። ሁለተኛዋ አረንጓዴ። ሦስተኛዋ ቀይ። «ጋሼ፣ ይቺ ወርዳለች፤ ትንሽ ከፍ ያድርጓት» አለ በአክብሮት። ባለ ክራሩ አልተከራከሩም፤ ከፍ አደረጓት። አራተኛዋ አረንጓዴ ነበረች፤ አምስተኛዋ ግን እንደገና ቀይ። እሷንም ከፍ አደረጉ። ስድስቱም አረንጓዴ ሆኑ፤ ልጁም ወደ ኬብሎቹ ተመለሰ።

ከዚያ ባለ ክራሩ ትዝታ ጀመሩ። እጁ ያው እጅ፣ ዜማው ያው ዜማ ነው፤ ድምፁ ግን ደረቀ። ቅድም ለብቻቸው ሲነካኩት አንዱ ክር ሌላውን እየደገፈ ረጅም ይጮህ የነበረው ክራር፣ አሁን እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ተመቶ የሚያልቅበት ሆነ። ጥግ ላይ ተቀምጣ የሉቷን ክር ትቀይር የነበረችው እንግዳ ቀና አለች። ተነሥታ መጣችና ቲዩነሩን ከቀንበሩ ላይ ነቅላ ለልጁ መለሰችለት። ሦስተኛዋንና አምስተኛዋን ክር በጣቷ እየነካች እጇን ወደ ኋላ አወዛወዘች፤ የቅድሙን ማለቷ ነው። ባለ ክራሩ ገባቸው። ሁለቱን ክሮች ወደ ነበሩበት አወረዱ። እሷም ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠችና የራሷን መሣሪያ በክራሩ ልክ ማስተካከል ጀመረች።

ያቺ ግማሽ ሰዓት ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ክራር ከኪቦርድ ጋር፣ ከጊታር ጋር፣ ከሳክስፎን ጋር ሲቀናጅ ሁልጊዜ የሚታረመው ክራሩ ነው። ሌላው መሣሪያ ለክራር ሲል ከቦታው ሲነቃነቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ነገሩ የእንግዳዋ ጨዋነት ብቻ አልነበረም። ሉት በአሠራሩ ይህን ማድረግ የሚችል መሣሪያ ነው፤ ጊታርና ብዙ ኪቦርዶች ግን አይችሉም። ክራር እስከ ዛሬ «ወርዷል» እየተባለ የኖረው አጠገቡ የሚቀመጡት መሣሪያዎች መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ይሆን? በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛዋ ክር ለምን ቀይ ሆነች

ትዝታ ሜጀርን ከ«ዶ» ብንጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ስድስተኛዋ ክር የላይኛዋ ዶ ናት። በጆሮ የሚቃኝ ሰው መጀመሪያ ሁለቱን ዶዎች ያስማማል፣ ቀጥሎ ሶልን ከዶ ጋር፣ ከዚያ የቀሩትን። ሁለት ክሮች ሊስማሙ ሲቃረቡ በድምፃቸው ውስጥ የሚመላለስ ሞገድ ይሰማል። ክሩ ወደ ቦታው ሲጠጋ ሞገዱ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። ጆሮ የሚያርፈው እዚያ ነው። ይህ ማረፊያ ለሶል ከዶ 3 ለ 2፣ ለሚ 5 ለ 4፣ ለላ 5 ለ 3 በሆነ ምጣኔ ላይ ይገኛል።

ቲዩነሩ ግን ይህን አያውቅም። ኦክታቩን፣ ከዶ እስከ ላይኛዋ ዶ ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ይቆርጠዋል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። በዚህ አቆራረጥ ሚ 400 ሴንት ላይ ትውላለች፤ ሞገዱ የሚቆምባት ሚ ግን 386 ላይ ናት፣ 14 ሴንት ዝቅ ብላ። ላ በቲዩነሩ 900፣ በጆሮ 884፤ 16 ሴንት ዝቅ። ሶል ላይ ያለው ልዩነት 2 ሴንት ብቻ ነው፣ ሬ ላይ 4። እንግዲህ ሁለተኛዋና አራተኛዋ አረንጓዴ፣ ሦስተኛዋና አምስተኛዋ ቀይ ሆነው የተገኙት ለዚህ ነው። ልጁ ያየው የተበላሸ ቅኝት አልነበረም። ባለ ክራሩ እቤታቸው ሞገዱን በጆሮ አስቁመው መምጣታቸውን ነው ያየው።

14 ሴንት ሲባል ኢምንት ይመስላል። ዶን 196 ኸርትዝ ላይ (በሴኮንድ 196 ንዝረት) ብናስቀምጣት፣ የቲዩነሩ ሚ ከእሷ ጋር ሲመታ በሴኮንድ 8 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። ፒያኖ ላይ ይህን ስለለመድነው አንሰማውም። ክራር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ክሮቹ ሁሉ ከሥር ከሚያርፉበት ብርኩማ እስከ ቀንበሩ ክፍት ናቸው፣ ሁሉም በአንድ ቆዳ ላይ ቆመዋል፣ አንዱ ሲመታ ያልተመታው አብሮ ይነዝራል። ይህ መደጋገፍ የሚሠራው ምጣኔው ሲገጥም ነው። ሳይገጥም አንዱ የሌላውን ድምፅ አያነሣለትም፤ ያን ቀን የሰማነው ድርቀት ይኸው ነበር።

ክራር የሚጫወት ሁሉ በዚህ ምጣኔ ይቃኛል ማለቴ አይደለም። አንዱ ሚን ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ዘፋኝ ካለ ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ ይጎትታል። አረንጓዴዋ መብራት ግን የምትመሰክረው ለአንድ አቆራረጥ ብቻ ነው። አውሮፓውያን ራሳቸው ሉት በነገሠበት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኪቦርዶቻቸውን በዚህ አቆራረጥ አይቃኙም ነበር፤ ሚን ወደ 5 ለ 4 የሚያስጠጋ ሌላ አቃኘት ነበራቸው። ላ 440 ኸርትዝ ትሁን የሚለው መነሻ እንኳ በዓለም አቀፍ ጉባኤ የተወሰነው በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ነው። ክራር ለሚማሩ ልጆች የምመክረው ቲዩነሩን ለመጀመሪያዋ ክር ብቻ እንዲጠቀሙበት ነው። መነሻዋን ይያዙበት፣ ከዚያ ያጥፉትና አምስቱን በሞገዱ ይቃኙ። ሞገዱን መስማት ቢከብዳቸው ሁለቱን ክሮች በቀስታ መትተው ጆሯቸውን ወደ ገበቴው ያስጠጉ፤ ጠንክሮ ሲመታ ሞገዱ በምቱ ጩኸት ይሸፈናል።

አራት ሚሊሜትር

ሉት የኡድ ዘር ነው፤ ስሙም «አል-ዑድ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የወጣ ነው። ጀርባው ከቀጫጭን እንጨቶች ተጣብቆ እንደ ተሰነጠቀ ቅል ያበጠ ነው፤ ፊቱ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ የሚሳሳ ሰሌዳ ነው፤ ሲያነሱት ከኪሎ በታች ሊሆን ይችላል። የዚያን ቀኑ ባለ 6 ረድፍ ነበር፦ የላይኛዋ ነጠላ፣ የቀሩት አምስቱ ጥንድ ጥንድ፣ በድምሩ 11 ክር። ከጊታር ዋናው ልዩነቱ ፍሬቱ፣ ጣት ክሩን የሚጫንበት የአንገቱ መስመር፣ ላይ ነው። የጊታር ፍሬት አንገቱ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው። የሉት ፍሬት አንገቱን ዞሮ የታሰረ ጅማት ነው። የታሰረ ነገር ደግሞ ይንሸራተታል።

የእሷ ሉት ክር 60 ሳንቲሜትር ነው። የታችኛውና የላይኛው ረድፍ ክፍት ሲመቱ ዶ ይሰጣሉ። ከዶ ሚን ለማግኘት አራተኛው ፍሬት ይያዛል። እኩል በተቆረጠው ስሌት አራተኛው ፍሬት ከራስጌው መደገፊያ 12.4 ሳንቲሜትር ላይ ይታሰራል፤ የክራሩን ሚ ለማግኘት ግን 12 ሳንቲሜትር ላይ መሆን አለበት፣ ከ60ው አንድ አምስተኛ። ልዩነቱ አራት ሚሊሜትር። ፍሬቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከሁለቱም ጎን ይዛ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየገፋች ወደ ራስጌው አስጠጋችው። በአንድ ወገን ብቻ ቢገፋ ፍሬቱ ይጣመማል፤ ያኔ ቀጭኗ ክር ልክ ስትሆን ወፍራሟ ትሳሳታለች።

እዚህ ላይ ሉት የሚጫወት ሁሉ የሚያውቀው ችግር መጣ። የሉት አንገት ወደ ራስጌው እየጠበበ ይሄዳል። ፍሬት ወደ ገላው ሲገፋ ይጠብቃል፤ ወደ ራስጌው ሲሳብ ይላላል። የላላ ፍሬት ደግሞ ድምፅ ይበላል፤ ክሩ ሲመታ ጥርት ማለቱን ትቶ ያንኮራጫል። ትክክለኛው መድኃኒት ፈትቶ እንደገና ማሰር ነው፦ ቋጠሮውን አጥብቆ፣ ጫፉን በእሳት ለብልቦ እንዳይፈታ ማኮማተር። ግን አዲስ ጅማት ታስሮ እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል። እሷ አንድ የክብሪት እንጨት ለሁለት ሰንጥቃ ግማሹን በአንገቱ ጀርባ፣ ጣቷ በማይደርስበት ወገን፣ ከፍሬቱ ሥር ወሸቀችው። ፍሬቱ ተወጠረ፤ ማንኮራጨቱ ቆመ።

ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጣጣ ግን በክብሪት እንጨት የሚፈታ አይደለም። ይህ ፍሬት በዶ ረድፍ ላይ ሬን፣ በሶል ረድፍ ላይ ላን ይሰጣል። የክራሩ ሬ ከዶ 9 ለ 8 ናት፤ ለእሷ ፍሬቱ 6.7 ሳንቲሜትር ላይ መዋል አለበት። የክራሩ ላ ደግሞ ከሶል 10 ለ 9 ናት፤ ለእሷ 6 ሳንቲሜትር ላይ። አንድ ጅማት በሁለት ቦታ አይታሰርም። አሮጌው የአውሮፓ መፍትሔ መሐል ላይ ማሰርና ሁለቱንም ጥቂት ጥቂት ማስቀየም ነበር። እሷ ይህን አልመረጠችም። ፍሬቱን ለላ ሰጠችው፤ ሬን ከዚያ ፍሬት ፈጽሞ አልወሰደችም፤ ሦስተኛው ረድፍ ክፍት ሲመታ ሬ ስለሆነ ከዚያ ወሰደችው። ይህ ማለት የለመደ ጣቷን ከለመደበት ቦታ ማንሣት ነው። ከፊቷ በተዘረጋው ወረቀት ላይ ሬ ያለችበትን ሁሉ በእርሳስ ከበበች። ከፍሬቱ ማንሸራተት ይልቅ ይህኛው ብዙ ጊዜ ወሰደ።

በአንድ ነገር ግን ክራሩ ነው ለሉቱ የታዘዘው፤ በመነሻው። የሉት የላይኛዋ ክር ጅማት ናት፣ ውፍረቷ 0.42 ሚሊሜትር ገደማ። በ60 ሳንቲሜትር ርዝመት ላይ ተወጥራ 392 ኸርትዝ ስትሰጥ 4 ኪሎ ያህል ተሸክማ ከመበጠሻዋ አጠገብ ናት። የጥንት የሉት አስተማሪዎችም የላይኛዋን ክር ሳትበጠስ እስከቻለችው ድረስ ውጠር፣ ሌሎቹን ከእሷ አውርድ ነበር የሚሉት። ከዚያ በላይ ወደ ላይ መውጫ የለም። ክራሩ ደግሞ ሙሉ ድምፅ ሊወርድ ይችላል፣ ገበቴውም ምንም አይለው። ባለ ክራሩ አምስቱን ክሮች ሳይነኩ የመጀመሪያዋን ከሉቱ ጋር አስማሙ፣ ቀጥሎ የቀሩትን ከእሷ አወረዱ። መነሻው ከሉቱ መጣ፣ ቅኝቱ ከክራሩ። ሁለቱም የማይችሉትን አልተጠየቁም፤ እየቆየ የገረመኝ ይህ ነው።

ሐይቅ ዳር የሚወርድ ቆዳ

9 ሰዓት ላይ የተቃኘ መሣሪያ ሐዋሳ ውስጥ 12 ሰዓት ላይ ያው መሣሪያ አይደለም። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ቀኑ ይሞቃል፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል፣ ሲመሽ ከሐይቁ በኩል እርጥብ አየር ይገባል። የክራሩ ብርኩማ የቆመው ቆዳ ላይ ነው። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ብርኩማው ይሰምጣል፤ ክሮቹ ሁሉ በአንድነት ይወርዳሉ። ጥሩነቱ አብረው መውረዳቸው ነው፤ ለብቻው ለሚጫወት ሰው ብዙም አይታወቅም። ከሉት ጋር ሲሆን ግን ይጋለጣል፤ ሉቱ የሚቆመው በእንጨት ሰሌዳ ላይ ስለሆነ አብሮ አይወርድም። ጅማቱም የራሱ ጠባይ አለው፣ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይከሳል፣ ባለበት አይረጋም።

ስለዚህ ሁለቱንም መሣሪያዎች በሚጫወቱበት ክፍል ውስጥ፣ ከሳጥናቸው ወጥተው፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። መስኮቱ በዝግጅቱ ጊዜ ክፍት የሚሆን ከሆነ በመቃኛውም ሰዓት ክፍት ይሁን፤ የሚዘጋ ከሆነ ይዘጋ። የመድረክ መብራት ካለ አስቀድሞ ይብራ፤ ሙቀቱ ቆዳውን አድርቆ ይወጥረዋልና መብራቱ በመጨረሻ ከበራ ክራሩ በመጀመሪያው ዜማ መሐል ሽቅብ ይወጣል። ቆዳው በጣም ከላላ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ማሳየት ይበቃል። እንደ ከበሮ እሳት ዳር ማስጠጋት ግን ለክራር አይሆንም፤ ቆዳው ከስፌቱ ይቀደዳል፣ ገበቴው ይሰነጠቃል። ሉትን ደግሞ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት መተው የመሣሪያው መጨረሻ ሊሆን ይችላል፤ የተጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው፣ ሙጫው በሙቀት ይለሰልሳል፣ ውጥረቱ ደግሞ እረፍት የለውም፤ 11ዱ ክሮች አንድ ላይ 30 ኪሎ ያህል ይስባሉ።

ቶማስ ሜስ የተባለ እንግሊዛዊ የሉት ተጫዋች በ1676 እ.ኤ.አ. ሉትን ከእርጥበት ለመጠበቅ ቀን ቀን ሰው የሚተኛበት አልጋ ውስጥ እንዲያስገቡት መክሮ ነበር። ባለ ክራሩ ክራራቸውን በጋቢ ጠቅልለው ነበር ያመጡት። እንግዳዋ ጋቢውን ዳሰሰች፣ ፈገግ አለችና ተራው ሲደርስ የእሷንም ሉት ከሥሩ አስገባችው።

የዓሣ አጥማጁ ክር

የክራር ክር ድሮ ጅማት ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ናይለን ነው። ሐዋሳ ላይ ናይለን ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወጣው ክር ክራርም ላይ ይሠራል፤ ጥቅልሉ ላይ ውፍረቱ በሚሊሜትር ተጽፏል። ከብርኩማው እስከ ቀንበሩ ግማሽ ሜትር ያህል ለሆነ ክራር፣ መነሻው ዶ 196 ኸርትዝ አካባቢ ከሆነ፣ የሚከተለው ይሠራል፦ ለታችኛዋ ዶ 1.0 ሚሊሜትር፣ ለሬ 0.9፣ ለሚ 0.8፣ ለሶል 0.7፣ ለላ 0.6፣ ለላይኛዋ ዶ 0.5። በዚህ አደራደር እያንዳንዷ ክር ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ትሸከማለች፤ ከጣት ሥር ሁሉም እኩል ይመልሳሉ። ብዙ ክራሮች ስድስቱም ክር በአንድ ውፍረት ተወጥሮባቸው አያለሁ። ያኔ የታችኛዋ ዶ ከላይኛዋ አንድ አራተኛ ውጥረት ብቻ ይኖራታል፤ ትንቦጫረቃለች፣ ስትመታ መጀመሪያ ከፍ ብላ ከዚያ ትወርዳለች፣ እንኳን ከሉት ጋር ከራሷም ጋር አትስማማም።

አዲስ ናይለን ለቀናት ይለጠጣል። ከዝግጅቱ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት መወጠር አለበት፤ በየቀኑ ወደ ድምፁ እየተመለሰ፣ ክሩ በሁለት ጣት ከመሐሉ በቀስታ እየተሳበ። ቀንበሩ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ወይም ጠፍር ክሩን ቢያንስ ሦስት ዙር መያዝ አለበት፤ ዙሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ከተደራረቡ መሐል ላይ ጠብ ብሎ ይንሸራተታል። በዝግጅቱ ቀን ጠዋት ክር ለሚቀይር ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው አባባል ቃል በቃል ይደርሳል። እንግዳዋ ያን ቀን ክር የቀየረችው ወዳ አይደለም፤ የላይኛዋ ጅማት መንገድ ላይ መላላጥ ጀምራ ነበር። ጅማት ሲያረጅ ላዩ ፀጉር ያበቅላል፤ ፀጉሩ በምላጭ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም። ፀጉሩ ከበዛ ግን ክሯ በድንገት ከመበጠሷ በፊት መለወጡ ይሻላል።

ከቅኝት ወደ ቅኝት

ክራር ላይ ቅኝት የምንለው ቃል ሁለት ነገር በአንድ ይዟል፤ የመቃኘቱን ሥራና ዜማው የሚሄድበትን መንገድ። አንድ ክር አንድ ድምፅ ስለሆነ ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው። ሉቱ ጣቱን አንሥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ ክራሩ ግን ቅኝት በቀየረ ቁጥር ክር ማንቀሳቀስ አለበት። የዝግጅቱ ቅደም ተከተል በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ሲወጣ ይህ ነው ዋናው ጥያቄ። ዜማዎቹን በስሜታቸው ብቻ የደረደረ ሰው ተመልካቹን በመቃኛ ዝምታ ይቀጣዋል።

ከአንድ መነሻ ሳይነሡ ሁለቱን ትዝታዎች፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለማዳረስ የሚቀለው መንገድ በየመሸጋገሪያው ሁለት ክር ብቻ የሚነካበት ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር፦ ሚና ላ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ከዚያ ወደ አምባሰል፦ ሬ ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች፣ የወረደችው ሚ ሙሉ ድምፅ ወጥታ ፋ ትሆናለች። ከዚያ ወደ አንቺሆዬ፦ ሶል ግማሽ ትወርዳለች፣ ላ ወደ ሜጀር ቦታዋ ግማሽ ትወጣለች። ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪዋ ወደ ፋ የምትወጣው ናት። ሙሉ ድምፅ መውጣት የክሩን ውጥረት ሩብ ያህል ይጨምራል፤ ግማሽ ድምፅ 12 በመቶ ገደማ ነው። ናይለን ድንገት ሲወጠር መለጠጡን ይቀጥላል፤ ፋን ልክ አድርገው ካቆሟት ከደቂቃ በኋላ ወርዳ ያገኟታል። ጥቂት አሳልፈው አውጥተው፣ ክሩን በጣት ስበው፣ ከዚያ ወደ ቦታዋ ቢያመጧት ትረጋለች። አንዷ ክር ስትወጠር ብርኩማው ቆዳውን ትንሽ ይጫናል፤ የቀሩት አምስቱም በፀጉር ያህል ይወርዳሉ። ስለዚህ ዙሩ ሁለት ጊዜ ነው፤ የተነኩት ከተስተካከሉ በኋላ ያልተነኩትንም ማዳመጥ።

ሁለተኛ ክራር ያለው ሰው አምባሰሉን አስቀድሞ እዚያ ላይ ቃኝቶ ያስቀምጣል። ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም። ያን ማታ ሁለተኛ ክራር አልነበረም። ባለ ክራሩ ሲቃኙ ሉቷ ዝም አላለችም፤ ዶን በቀስታ፣ በየሦስትና አራት ሴኮንዱ ትመታላቸው ነበር። ለእሳቸው መደገፊያ፣ ለተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ወደ ስድሳ ሰው ይሆናል፤ ከመቃኛው መሐል የተንሾካሾከ አልነበረም።

ስለ ማይክ አንድ ነገር ልበል። ሉት በጣት ጫፍ ሥጋ፣ ያለ ጥፍር የሚመታ ነው፤ ክራር በመምቻ ሲገረፍ ይሸፍነዋል። ሉቱን በማይክ ማስጮህ ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ግን ያኔ የሉቱ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው፣ የክራሩ ከመድረኩ ይመጣል፤ ጆሮ ሁለቱን አንድ ላይ አያስቀምጣቸውም። ለስድሳ ሰው ማይክ አያስፈልግም። መምቻውን አስቀምጦ ክራሩን በጣት መደርደር፣ ወንበሮቹን ሜትር ተኩል አራርቆ ትንሽ ማጋጠም፣ ሉቱን ለተመልካቹ አንድ እርምጃ ማቅረብ ይበቃል። ግድ ማይክ ካስፈለገ አንድ ብቻ፣ ከሁለቱም ፊት፣ ለሉቱ ጠጋ ብሎ። ሰዎች የመሣሪያን ጠባይ እንደ ብልሽት ማየት ይቀናቸዋል። በገና ላይ ክሩና ብርኩማው መሐል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ሆን ተብላ ድምፁን እንድታንዛዝር የተቀመጠች ናት፤ ማይክ ፊት ሲቀርብ ግን «የሚንጫጫ ነገር አለ» ተብሎ እንዲጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። በአውሮፓም በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሃርፕ በየክሩ ሥር ክሩን እየነካ የሚያንዛዝር ቁልፍ ነበረው፤ በኋላ «ጥራት» ሲባል ቀረ።

አንቺሆዬ

የመጨረሻው ዜማ አንቺሆዬ ነበር፤ ትዝታን ያዳነው አራት ሚሊሜትር እዚህ ላይ ሌላ ነገር አመጣ። አንቺሆዬ ግማሽ ድምፅ የወረደች ሶል ትፈልጋለች። ሉቱ ላይ ለጣት የምትቀርበው ሦስተኛው ረድፍ፣ አራተኛው ፍሬት ላይ ናት፤ ያንኑ የተገፋውን ፍሬት። ለሚ ሲባል ዝቅ ያለው ፍሬት ለዚህች ሶልም ዝቅ አለ፤ ከባለ ክራሩ ድምፅ ከ20 ሴንት በላይ ወረደ። ይህ ሌላ ሞገድ ነው፤ ፈጣን፣ የሚያቃጥል። ፍሬቱን ወደ ቦታው መመለስ ይቻል ነበር፤ ግን ክብሪቱ ይወጣል፣ ሌሎቹም ይናጋሉ፤ ተመልካች ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ እዚህ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመው ነበር። ሌላ ረድፍ ሞከረች፤ ሁለተኛውን ሞከረች፣ አራተኛውን ሞከረች። በመጨረሻ ጣቷን ከአንገቱ ላይ አነሣችው። የእሷ ሉት ታችኛ ረድፍ ክፍት ሲሆን ዶ ነው፤ አምስተኛው ረድፍ ክፍት ሲሆን ፋ ነው። ሁለቱም የአንቺሆዬ ድምፆች ናቸው፣ ሁለቱንም የትኛውም ፍሬት አይነካቸውም። ፋን ከክራሩ ፋ ጋር፣ ሞገዱ እስኪቆም፣ በመቃኛው አስማማቻት።

ማታ ያን ዜማ ሲጫወቱ ግራ እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር። ዶ፣ ከዚያ ፋ፣ ከዚያ ዶ፤ ሌላ አልነካችም። የወረደችውን ሬ፣ የወረደችውን ሶልና ላን ክራሩ ብቻውን ይዞ ሄደ። የድምፅ ባለሙያው ልጅ ቲዩነሩን ኪሱ ከትቶ፣ ከመድረኩ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጆሮውን ወደ ክራሩ ገበቴ አዘንብሎ ቆሞ ነበር።